ግራና በረንዳ ላይ የጠየቅኩት ጥያቄ

ይህ የደረሰው ከሁለት ዓመት በፊት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ሀብሩ ወረዳ ግራና ውስጥ ነው። ያን ቀን አንድ ሰው በዱላና በድንጋይ ሲደበደብ አይቻለሁ። የእኔም ክንድ ተሰብሯል። ክንዴ ድኗል። እስከ ዛሬ ያለቀቀኝ ሰውየውን ለድብደባ ያቀረብኩት እኔ መሆኔ ነው። ዱላ አልያዝኩም፣ ስሙንም አልጠራሁም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቅኩት።

ሀያት እባላለሁ። ወልድያ የምኖር ኦዲተር ነኝ። በጊዜው ሥራ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሞልቶኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሥራዬ ሌላ ሰው የደመረውን መልሶ መደመር ነበር። ድምሩ ልክ ከመጣ ፈርሜ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ።

ያን ዓመት መሥሪያ ቤታችን ስለ ማጭበርበር ምርመራ የአሥር ቀን ሥልጠና አዘጋጀልን። አሠልጣኛችን ጡረታ የወጡ ኦዲተር ናቸው፤ አቶ ታደለ ይባላሉ። ገና ክፍል እንደገቡ ካልኩሌተራችንን ወደ ቦርሳችን እንድንመልስ አዘዙን።

«ሌባ ድምር አይሳሳትም» አሉ። «ከእናንተ በላይ ተጨንቆ ነው የሚደምረው። እናንተ ወረቀቱን እዩ። የት ተቀምጦ ጻፈው? በስንት ቀን ጻፈው? በስንት እስክሪብቶ?»

ሁለት እሽግ ደረሰኝ ሰጡን። አንዱ ከእውነተኛ ነጋዴ የተሰበሰበ ነው። ሌላውን እሳቸው ቤታቸው ቁጭ ብለው በአንድ ከሰዓት የጻፉት ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለዩ አሉን። የመጀመሪያው ቀን ሁላችንም ተሳሳትን። በአሥረኛው ቀን ግን ወረቀቱን በእጄ ዳስሼ ብቻ መለየት ጀምሬ ነበር። በጣም ደስ አለኝ። ሱቅ ስኳር የገዛሁበትን ደረሰኝ ሳይቀር ወደ ብርሃን አንስቼ አይ ነበር። አዲስ ዓይን የተተከለልኝ መሰለኝ።

ሥልጠናው ካለቀ ወር ሳይሞላ ወደ ግራና ላኩኝ። እዚያ ያለ አንድ የገበሬዎች ማህበር አባላት አቤት ብለው ነበር። ለማዳበሪያ ገንዘብ ከፍለዋል፤ ማዳበሪያው ግን አልደረሳቸውም። የማህበሩ መዝገብ ደግሞ ሁሉም ተቀብለው ፈርመዋል ይላል።

ከወልድያ መርሳ በሚኒባስ፣ ከመርሳ ግራና በባጃጅ ሄድኩ። ማህበሩ ቢሮ ሁለት ሰዎች ተቀበሉኝ። አንዱ የሂሳብ ሠራተኛው ጀማል ነው። ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ «እህቴ» እያለ የሚያነጋግር ሰው ነው። ጠረጴዛውን ጠርጎ ወንበር ሰጠኝ፤ መዝገቦቹን ሳልጠይቀው ደርድሮ አቀረበልኝ።

ሌላው የመጋዘኑ ኃላፊ እንድሪስ ነው። አርባውን ያለፈ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነበር። ጋሽ እንድሪስ፣ መጋዘኑን ይክፈቱልኝ አልኩት።

«ማህተም ያለው ደብዳቤ አለሽ?»

«ደብዳቤው ነገ ይደርሳል። መታወቂያዬ ይኸውና።»

«ነገ ሲደርስ ነገ እከፍታለሁ። ያለ ደብዳቤ ለእናቴ ልጅም አልከፍትም።»

ሰው ፊት ጮኸብኝ። ደብዳቤውን ለመቀበል ወደ ወረዳው ከተማ ወደ መርሳ ተመለስኩ፤ አንድ ቀን ተበላብኝ። ባጃጁ ውስጥ ሆኜ «ይህ ሰውዬ የሚደብቀው ነገር አለ» ስል ለራሴ ወሰንኩ። አሁን ሳስበው ምርመራው እዚያ ባጃጅ ውስጥ ነው የተበላሸው።

በማግስቱ ደብዳቤውን ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ ገልብጦ ማህተሙን አየና መጋዘኑን ከፈተ። ውስጡ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ የማዳበሪያውን ስርጭት መዝገብ ያዝኩ። የአባላቱ ስም በተራ ተጽፏል፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን የቀኝ አውራ ጣት አሻራ አለ። ድምሩ ልክ ነው። ወረቀቱ ግን ልክ አልነበረም። ቀኖቹ እንደሚሉት ስርጭቱ ሦስት ሳምንት ፈጅቷል። ሦስት ሳምንት ሜዳ ላይ፣ አፈር በነካው እጅ የተገላበጠ ወረቀት አንድም መታጠፊያ የለውም። አቧራ እንኳ አልነካውም።

ቀጥሎ አሻራዎቹን አየሁ። የመጀመሪያው አሻራ ድቅድቅ ያለ ሐምራዊ ነው። ሁለተኛው ሳሳ ይላል። ሦስተኛው የባሰ ሳሳ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ስምንተኛው እንደገና ድቅድቅ ይላል፤ ከዚያ እንደገና መሳሳት ይጀምራል። መዝገቡ እስከ መጨረሻው እንዲህ ነው።

ሰባት ሰው ተራ በተራ ቢፈርም ሰባቱም ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ያሳርፉ ነበር። ይህ ግን አንድ ጣት ነው። አንዴ ቀለም ይነክርና ሰባት ጊዜ ይጫናል፤ ሲደርቅበት መልሶ ይነክራል። አንድ ሰው፣ አንዴ ቁጭ ብሎ፣ የመንደሩን ሁሉ ጣት ሆኖ ፈርሟል።

በሥልጠናው እንደተማርነው እያንዳንዱን ገጽ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። የገንዘብ መዝገቡንና የንብረት ወጪ ደረሰኞቹንም አብሬ አነሳሁ።

ሦስተኛው ቀን የገበያ ቀን ነበር። ኦዲተር መጣች ሲባል ገበሬው ከገበያው ወደ ማህበሩ በረንዳ ጎረፈ። ከመጡት ውስጥ ሼህ አህመድ የሚባሉ ሽማግሌ ገቡና ፊቴ ተቀመጡ። ስማቸውን ፈልጌ መዝገቡን ወደሳቸው አዞርኩት።

«ሼህ አህመድ፣ ሁለት ኩንታል ተቀብለዋል ይላል። ጣትዎም ይኸውና።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አሻራውን አዩት። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አውራ ጣት የለውም። የውሃ ፓምፕ ቀበቶ ከነሥሩ ከቆረጠው አሥራ ምናምን ዓመት ሆኖታል አሉኝ።

«ልጄ» አሉ፣ «ይህን ጣት ከየት አመጡልኝ?»

ያን ጊዜ ዝም ማለት ነበረብኝ። አቶ ታደለ ደጋግመው የነገሩን ይህንኑ ነው፤ የደረስንበትን ሳንጨርስ፣ በጽሑፍ ሳናደርግ ለማንም እንዳንተነፍስ። እኔ ግን ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። ያ አዲሱ ዓይኔ የሠራውን ሰው ሁሉ እንዲያይልኝ ፈለግኩ። መዝገቡን ይዤ ወደ በረንዳው ወጣሁ።

«ይህን ሁሉ የፈረመው አንድ ሰው ነው!» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ከፊት የቆመ አንድ ገበሬ «ማን ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔም መልሼ ጠየቅኩት። «የመጋዘኑ ቁልፍ በማን እጅ ነው?»

ከአፌ የወጣው ይህ ብቻ ነው። ወዲያው ከኋላዬ «እንድሪስ ነው! ሌባው እሱ ነው! በላችሁ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል የሂሳብ ሠራተኛው ጀማል ነው። በአጠገቤ ሮጦ አለፈ። እንድሪስ ግቢው ውስጥ ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ነበር። ጀማል ደረሰና ፊቱን በቡጢ መታው። የመጀመሪያውን ምት ያሳረፈው እሱ ነው። በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ግን ተናዶ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ተነቃነቀ። እንድሪስ «ወላሂ እኔ አይደለሁም! ወረቀቱን ጠይቁ! ያ ጀመዓ፣ ወረቀቱን ጠይቁ!» እያለ ወደ መጋዘኑ በር ሊሸሽ ሞከረ። ዱላ እግሩን መታውና ወደቀ። ሲወድቅ ከበቡት። የዱላው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ ብል ማጋነን አይደለም፤ እርጥብ ጆንያ የሚመታ ነው የሚመስለው። ድንጋይ የያዙም ነበሩ። ገበያ ላይ ሽንኩርት ሲሸጡ ያየኋቸው፣ ሰላምታ የሰጡኝ ሰዎች ናቸው። ልጆቻቸው ሊራቡባቸው ነው፤ የዘር መዝሪያ ጊዜያቸው እያለፈ ነው፤ ሌባውን እኔ አሳየኋቸው።

መዝገቡን ጣልኩና ሮጥኩ። «ተዉት! አልተጣራም! ገና አልተጣራም!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይሰማኛል? በሰው መሀል ተሽሎክልኬ ደረስኩና እጄን ዘረጋሁ። ለእሱ የተሰነዘረ ዱላ ግራ ክንዴ ላይ አረፈ። አጥንቴ ሲሰበር ሰማሁት። ተንበረከክኩ።

ተንበርክኬ ሳለ ከሰው መሀል ብረት ሲወረወር አየሁ። የሚዛን ድንጋይ የምንለው ያ ክብ ብረት ነው። እንድሪስን ግራ ዓይኑ ላይ መታው። ሁለተኛ አልጮኸም።

ሼህ አህመድ ከየት እንደመጡ አላየሁም። ጋቢያቸውን ጥለው እንድሪስ ላይ ተኙበት፤ በሆዳቸው ሸፈኑት።

«እኔን ምቱ!» አሉ። «ማዳበሪያው የኔም ነው! እኔን ግደሉና ከዚያ እሱን ግደሉት!»

ሁለት ዱላ እሳቸውም ጀርባ ላይ አረፈ። ከዚያ አንድ ሚሊሻ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ሰዉ ተበተነ። መሬቱ ላይ ጫማ፣ ዱላና የእኔ መዝገብ ቀረ።

ሦስታችንንም በአንድ አይሱዙ ጭነው ወደ ወልድያ ሆስፒታል ወሰዱን። የእንድሪስ ራስ ሼህ አህመድ ጭን ላይ ነበር። ጋቢው በደም ርሷል። ከግራና መርሳ፣ ከመርሳ ወልድያ ድረስ እንድሪስ አንድ ነገር ብቻ ይደጋግም ነበር። «ምን አደረግሁ? ምን አደረግሁ?» ይላል። ሽማግሌው «አብሽር፣ አላህ አለ» ይሉታል። እኔ ክንዴን አቅፌ ፊታቸው ተቀምጫለሁ።

ክንዴ በጄሶ ታሰረ። እንድሪስን ወደ ደሴ ላኩት። ግራ ዓይኑን አላተረፉለትም።

በአራተኛው ቀን ቤቴ ተኝቼ በደህናው እጄ ስልኬን አነሳሁ። አጥፍቼ ከሆነ ልወቅ፤ ልክ ከሆንኩም ልወቅ አልኩ። የአሻራዎቹን ፎቶ አጉልቼ አየሁ። ጎላ ያሉት አሻራዎች ሁሉ መሀላቸው ላይ ቀጭን ነጭ መስመር አላቸው። የፈረመው ሰው አውራ ጣቱ ላይ የቢላ ጠባሳ አለው ማለት ነው። እንድሪስ በቅጡ መጻፍ ስለማይችል የንብረት ወጪ ደረሰኞች ላይ በጣቱ ነው የሚፈርመው። እነዚያንም አጎላኋቸው። ጠባሳ የለም። አንዱም ላይ የለም።

የገንዘብ መዝገቡን ፎቶ ከፈትኩ። ያ መዝገብ ጀማል መሳቢያው ውስጥ ቆልፎ የሚያስቀምጠው፣ ሌላ ሰው የማይነካው ነው። ሁለት ገጽ ጥግ ላይ የደበዘዘ ሐምራዊ ቀለም አለ። ቀለም የነካው ጣት ገጹን ሲገልጥ የተወው ነው። መሀሉ ላይ ያ ነጭ መስመር አለ።

በወጪ ደረሰኞቹ በኩል ስሄድ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። እንድሪስ ማዳበሪያውን ያወጣው ከቢሮ በተጻፈ፣ ማህተም ባለው ወረቀት ነው። ወረቀቱን የጻፈው ጀማል ነው። ማህተም አይቶ ከፈተ፤ ማህተም ለሌለኝ ለእኔ አልከፈተም። ሥራውን በሥርዓቱ የሠራ ሰው ነበር። እኔ ደግሞ የጠረጠርኩት በዚያው ነው።

ፎቶዎቹን በሙሉ ለአለቃዬ ላክሁ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ወልድያ ውስጥ ጎንደር በር ከሚባለው ሰፈር ወደ ቤቴ ስሄድ ሁለት ሰዎች ከኋላ ደረሱብኝ። አንደኛው ጄሶ ያለበትን ክንዴን ይዞ ጠመዘዘው። ሕመሙ ዓይኔን አጨለመው።

«ስልኩን አምጭ» አለኝ በጆሮዬ።

እስክሰጠው አልጠበቀም፤ ከቦርሳዬ መንጭቆ ድንጋይ ላይ ፈጠፈጠው። ሌላኛው በጥፊ መታኝና ግድግዳ ላይ ወረወረኝ። ከንፈሬ ተሰነጠቀ። መንገድ ዳር ቲማቲም የምትሸጥ ሴት «ኧረ ገደሏት!» ብላ ባትጮህ ምን ያደርጉኝ እንደነበር አላውቅም። ሰው ሲሮጥ አይተው ባጃጅ ውስጥ ገብተው ሄዱ። ፎቶ ሳነሳ ያየኝ ጀማል ነው። ፎቶዎቹ ግን አስቀድመው አለቃዬ ዘንድ ደርሰው ነበር።

ጀማልን ከሳምንት በኋላ ውርጌሳ ላይ፣ ወደ ደሴ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ያዙት። አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳው አለ። ፖሊስ አሻራውን ወስዶ አመሳከረ፤ የራሱ ሆኖ ተገኘ። ማዳበሪያውን ለነጋዴ ሸጦት ነበር።

እንድሪስ ከደሴ ሲመለስ ግራና ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ ፋጡማ በሩ ላይ ቆመች።

«ምን ቀረሽ? ሌላኛውን ዓይኑን ልትወስጅ ነው?»

ከውስጥ «ትግባ» የሚል ድምፅ መጣ። እንድሪስ መደብ ላይ ተቀምጧል፤ ግማሽ ፊቱ በፋሻ ተሸፍኗል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ስሜን አልጠራሽም አሉኝ» አለ።

«አዎ፣ አልጠራሁም።»

«ብትጠሪው ይሻል ነበር። ስሜን ብትጠሪው ኖሮ ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱ ማስረጃሽ የት አለ ብሎ ይጠይቅሽ ነበር። አንች ጠየቅሻቸው። መልሱን ራሳቸው አገኙት። ሰው ራሱ ያገኘውን ነገር ማስረጃ አይጠይቅበትም።»

ማንም መምህር እንዲህ አድርጎ ነግሮኝ አያውቅም።

የምርመራው ውጤት ለአባላቱ በጉባዔ እንዲነበብ ተወሰነ። አለቃዬ «ውጤቱን አንብቢ፣ ሌላ ነገር አትጨምሪ» ብሎኝ ነበር። ያው በረንዳ ላይ ቆሜ አነበብኩ። ከዚያም ጨመርኩ። እንድሪስ ያለ ጥፋቱ የተደበደበው በእኔ አፍ ምክንያት መሆኑን፣ ሳላጣራ መናገሬን፣ ስለጮኸብኝ ብቻ እንደጠረጠርኩት ተናገርኩ። ቀና ብሎ ያየኝ ሰው የለም። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። እንድሪስ ሼህ አህመድ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

ከመሀል አንድ ሰው ተነሳ። ሙሄ የሚባል፣ እርሻው ከእንድሪስ እርሻ ጋር የሚዋሰን ጎረቤቱ ነው። «ብረቱን የወረወርኩት እኔ ነኝ» አለ።

እንድሪስ በቀረችው ዓይኑ አየው።

«አውቃለሁ ሙሄ» አለ። «ስትወረውር አይቸሃለሁ። ለልጆቼ ግን አልነገርኳቸውም።»

ሙሄ እዚያው ቁጭ ብሎ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። የእንድሪስ ልጆች ጎረምሶች ናቸው። ቢነግራቸው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እዚያ የተቀመጠው ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌዎች በሁለቱ መካከል ገቡ፤ የተደረገውን እርቅ እነሱ ያውቁታል።

ከጥቂት ወራት በኋላ መሥሪያ ቤቴ ማጭበርበሩን ስላጋለጥኩ የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ። በስብሰባ ላይ ተጨበጨበልኝ። ወረቀቱ ላይ ስለ እንድሪስ አንድም ቃል የለም። ሕጉም አልጠየቀኝም፤ ጥያቄ መጠየቅ ወንጀል አይደለምና። ከሁሉ የሚከብደኝ ይሄ ነው። የመቱት ተከሰዋል፣ ታርቀዋል፣ ካሳ ከፍለዋል። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ሥራዬን አልተውኩም። አሁንም መዝገብ ሲቀርብልኝ ልቤ ይነሳሳል፤ ወረቀት ማንበብ እወዳለሁ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ቦታ ተመሳሳይ ነገር አግኝቻለሁ። ስጨርስ መዝገቡን ዘግቼ፣ ሰላም ብዬ፣ አፌን ይዤ ወደ ወልድያ እመለሳለሁ። ሰዎች ኩሩ ናት ይሉኛል አሉ። ይበሉኝ።

ግራና ስሄድ እንድሪስን አልፎ አልፎ አገኘዋለሁ። ሰላም ይለኛል፤ ስለ ክንዴ ይጠይቀኛል። ይቅር ብየሻለሁ ግን አላለኝም። እኔም በለኝ ብዬ አልጠየቅኩትም።